ብርዳችንን በነጻ፣ መብራታችንን በርካሽ!

«ሳይተርፋት አበድራ ሳትቀላውጥ አታድርም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም በኩራዝና በባትሪ በሚያመሽበት አገር፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ዳታ ማይኒንግ ለሚባል ሥራ ተሽጧል። ሻጩ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ገዢዎቹ በአብዛኛው የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። ዶላር አመጣ ተብሎም ተጨብጭቧል። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ግን አንድ ነገር ተረስቷል። ከመብራቱ ጋር ተጠቅልሎ የሄደ፣ ሒሳብ ያልተሠራለት፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ንብረት አለን። ብርዳችን!

አንባቢ «ደግሞ ብርድም ይሸጣል እንዴ?» ይል ይሆናል። ይሸጣል እንጂ! ዛሬ በዓለም ላይ ብርድ የሚፈልጉ ኩባንያዎች ፋብሪካቸውን ስዊድንና ፊንላንድ ድረስ ወስደው ይተክላሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሉሌኦ በምትባል የሰሜን ስዊድን ከተማ ትልቅ ዳታ ሴንተር የከፈተው ለሽርሽር አይደለም። ጉግልም ሐሚና በምትባል የፊንላንድ ከተማ የድሮ የወረቀት ፋብሪካ ገዝቶ፣ ኮምፒውተሮቹን በቀዝቃዛ የባሕር ውሃ የሚያበርደው ፈረንጅ ስለሚወድ አይደለም። ብርድ ገንዘብ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚበላው መብራት በሙሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። የባንክ ሒሳብ ቢሠራበት፣ ፊልም ቢታይበት፣ ቢትኮይን ቢቆፈርበት መጨረሻው ያው ሙቀት ነው። አንድ ዘመናዊ የቢትኮይን ማሽን 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። ይህ ማለት አንድ የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው። እናቶቻችን ምጣዱን በሳምንት ሁለት ቀን ሰክተው፣ ጋግረው ሲጨርሱ ይነቅሉታል። ማሽኑ ግን በዓል አያውቅ፣ ጾም አያውቅ፣ ቀንና ሌሊት ይጋላል። እስቲ እንዲህ ዓይነት አሥር ሺህ ምጣድ በአንድ ግቢ ደርድራችሁ አስቡት! ሙቀቱ ወዲያው ካልወጣ ማሽኑ ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ይቃጠላል።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 እንግሊዝ ውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ፣ ለንደን የሚገኙት የጉግልና የኦራክል ዳታ ሴንተሮች ማቀዝቀዣቸው ተሸንፎ አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን የጋይስና ሴንት ቶማስ ሆስፒታሎች ኮምፒውተሮችም በሙቀቱ ወደቁና ሐኪሞች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ፤ የሕሙማን ቀጠሮና ቀዶ ሕክምና ተላለፈ። እንግዲህ ዛሬ ደመወዛችን በስልክ፣ ግብራችን በስልክ፣ የነዳጅ ክፍያችን በስልክ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ ስልክ ጀርባ ያለው ክፍል ምን ያህል ይሞቃል፣ በምን ይበርዳል፣ ስንት ይፈጃል ብሎ መጠየቅ የኢንጂነር ሥራ ብቻ አይደለም። የኔም ያንተም ጉዳይ ነው።

የዘርፉ ሰዎች ብክነትን የሚለኩበት ቀላል ቁጥር አላቸው። ፒዩኢ ይሉታል። ዘ ግሪን ግሪድ የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 አስፋፍቶት ዓለም ተቀበለው። ስሌቱ ለጉሊት ነጋዴም አይከብድም። ግቢው በጠቅላላ የበላውን መብራት ኮምፒውተሮቹ ብቻ ለበሉት ታካፍላለህ፤ አለቀ። መልሱ 1 ከሆነ ምንም አልባከነም። መልሱ 2 ከሆነ ለሥራው አንድ ብር፣ ለማቀዝቀዣውና ለኮተቱ ደግሞ ሌላ አንድ ብር ወጥቷል ማለት ነው። አፕታይም ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ ባደረገው ጥናት አማካዩ በ2007 እ.ኤ.አ. 2.5 ነበር። በ2024 ወደ 1.56 ወርዷል። ጉግል የራሱን ማዕከላት በአማካይ 1.09 አድርሻለሁ ይላል።

«1.56ም ሆነ 1.09 ለኔ ምኔ ነው?» የሚል ይኖራል። እንደኛ አድርገን እናስላው። ኮምፒውተሮቹ ብቻ 100 ሜጋዋት የሚወስዱ ዳታ ሴንተሮች አሉ እንበል። በ1.56 የሚሠሩ ከሆነ ከመስመራችን የሚመዙት 156 ሜጋዋት ነው። በ1.10 ቢሠሩ ግን 110 ይበቃቸዋል። ልዩነቱ 46 ሜጋዋት ነው። ኮቃን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የኮቃ ኃይል ማመንጫ ጠቅላላ አቅሙ 43 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ በማቀዝቀዣ ብክነት ብቻ አንድ ሙሉ ኮቃ በአየር ላይ ተነነ ማለት ነው! ማይነሮች ይከፍሉታል ተብሎ በተዘገበው፣ በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ከምናምን በሆነው ርካሽ ዋጋ እንኳ ቢታሰብ፣ ያ 46 ሜጋዋት በዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል።

አሁን ወደኛ ብርድ እንመለስ። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ኮምፒውተሮች የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሌላው አገር በሚሊዮን ዶላር መሣሪያ የሚፈጥረውን አየር እኛ መስኮት ስንከፍት እናገኘዋለን። ፈጣሪ የሰጠን ማቀዝቀዣ ነው፤ ጋዝ አይሞላ፣ መለዋወጫ አይጠይቅ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ መስኮት እንደመክፈት ብቻ ቀላል አይደለም። የደጋ አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ቬንትሌተሩ ብዙ አየር መግፋት አለበት። የከተማችን አቧራና የመኪና ጭስ ደግሞ ጥሩ ፊልተር ይፈልጋል፤ ክረምት ሲሆን እርጥበቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን በዕውቀት የሚፈታ ነው። ቬንትሌተርና ፊልተር የሚበሉት መብራት ደግሞ ጋዝ የሚያጨምቀው ኤሲ ከሚበላው ጋር አይወዳደርም።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ሐምሌ ነበር፤ ደጅ ሰው ካፖርት ደርቦ እጁን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። ውስጥ ሁለት ትልልቅ ኤሲዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ያጓራሉ። ከአንዱ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ሌላኛው መልሶ ይውጠዋል። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። «ኧረ ጎበዝ፣ ደጅ እኮ 14 ዲግሪ ነው!» ብላቸው፣ ኃላፊው «ዲዛይኑ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» አሉኝ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኳቸውም። ሙቅ አገር ተቀምጦ ለሙቅ አገር የተነደፈ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ስንት ክፍል ይኖር? የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? አንዱ በአገልግሎት ክፍያ፣ ሌላው በግብር ተደርጎ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እኛው ላይ ነው።

አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ በገዛ አገራችን ብርድ በውጭ ምንዛሪ ገዝተን በመብራት ስናመርት፣ የውጭ ማይነሮች ግን መጥተው የደጃችንን ብርድ በነጻ ይጠቀማሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይን መቆፈርን ከአገሯ ስታባርር፣ ማሽኖቹ በኮንቴይነር ተጭነው ርካሽ መብራት ፍለጋ ተሰደዱ። ብዙዎቹ ካዛክስታን ገቡ። እዚያ መስመሩ አልቻላቸውም፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የኃይል እጥረቱ ሲብስ ተቆረጠባቸው። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ካረፈባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች። እዚህ ርካሽ የውሃ ኃይል አለ፤ ደጋ አየርም አለ። የማይኒንግ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ በቬንትሌተር ብቻ ነው የሚሠራው፤ በዚህ ጎን ሲታይ ብክነቱ ትንሽ ነው። ይህን ያስቻለው ግን የኛ አየር ነው። አቡዳቢ በረሃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 250 ሜጋዋት የማይኒንግ ጣቢያ ለማቋቋም የተነሱት ኩባንያዎች ማሽኖቻቸውን ልዩ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ግድ ሆኖባቸዋል። ይህ ብዙ ወጪ ነው። እኛ ዘንድ ያ ወጪ የለም። ታዲያ የመብራቱ ዋጋ ሲወሰን ይህ ጥቅም ተቆጥሯል? ወይስ «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ሆኖብን ነው?

መንግሥት የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። «ኃይሉ ትርፍ ነው፤ የማከፋፈያ መስመር ስለሌለን ሌሊት ሌሊት በከንቱ ይፈስ ነበር፤ ማይነሮቹ ደግሞ በዶላር ይከፍላሉ» ይባላል። በውስጡ እውነት አለበት፤ አልክድም። መስመር የሌለው ኃይል ለገበሬው ጎጆ አይደርስም። ዶላርም ያስፈልገናል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የዶላርን ጣዕም የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህ መልስ ሁለት ቀዳዳ አለው።

አንደኛው ቀዳዳ፣ ትርፍ ለዘላለም ትርፍ ሆኖ አይቆይም። ሻጩ ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም የአዳዲስ ማይነሮችን ጥያቄ መቀበል ማቆሙ ተሰምቷል። ትርፉ ማለቂያ የሌለው ከነበረ ለምን ቆመ? ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ነገር ሲረክስ ይባክናል። ይህ የሰው ባሕርይ ነው። መብራት በሦስት ሳንቲም የሚያገኝ ሰው ለተሻለ ማቀዝቀዣ ለምን ገንዘብ ያወጣል? የባከነውን ኪሎዋት ይከፍልበት ይሆናል። ግን ያ ኪሎዋት በሰብስቴሽኑና በመስመሩ ላይ የያዘውን ቦታ ለዳቦ ቤቱ፣ ለወፍጮ ቤቱ፣ ለብየዳ ቤቱ አይለቅም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ወዲህ በየሦስት ወሩ ታሪፍ እየተጨመረባቸው ነው፤ ጭማሪው ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኖባቸዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ሕዝቡ ከጉሮሮው ቆጥቦ ቦንድ ገዝቶ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ተራው ደርሶ «የዓባይን ልጅ መብራት ጠፋበት» እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሌሎች አገሮች ምን እንዳዩ እንመልከት። አየርላንድ ዳታ ሴንተሮችን እልል ብላ ተቀበለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአገሪቱ መብራት 5 በመቶ ይወስዱ ነበር። በ2023 ግን 21 በመቶ ደረሱ፤ ይህን የሚለው የአገሪቱ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ነው። ከከተማ ነዋሪው ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ ከሚበሉት በለጠ! ደብሊን ውስጥ መስመሩ ስለተጨናነቀ ለአዲስ ዳታ ሴንተር በሩ ተዘጋ ለማለት ይቻላል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው አየሯ ቀዝቃዛ፣ ማቀዝቀዣዋ ቀላል በሆነባት አገር ነው። ቀዝቃዛ አየር ብቻውን አያድንም፤ ገደብ ያስፈልጋል።

የአሜሪካኖቹ ደግሞ ለኛ ለጋዜጠኞች ልዩ ትምህርት አለው። ኦሪገን ውስጥ ዘ ዳልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጉግል እዚያ ያሉትን ኮምፒውተሮች የሚያበርደው በውሃ ነው። ኦሪጎኒያን የተባለው ጋዜጣ «ጉግል ስንት ውሃ ይጠቀማል?» ብሎ ጠየቀ። የከተማው አስተዳደር «የንግድ ምስጢር ነው» ብሎ መረጃው እንዳይወጣ በ2021 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ቆመ! አንድ ዓመት ከምናምን ተሟግተው በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ጋዜጣው ረታ፤ ቁጥሩ ወጣ። በ2021 ጉግል የተጠቀመው 355 ሚሊዮን ጋሎን ነበር። ከከተማዋ ውሃ ከሩብ በላይ ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ጋዜጣ ስለጠየቀ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል እንዲህ ነው።

አዲስ አበቤ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። በእኩለ ሌሊት ተነስቶ ጄሪካን የሚሞላ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ይህችን ሒሳብ ይያዝልኝ። 1 ሜጋዋት የኮምፒውተር ሙቀት በሙሉ በውሃ ትነት ይውጣ ቢባል፣ በቀን 35,000 ሊትር ያህል ውሃ ይተናል። ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ከ1,700 በላይ ነው፤ በየቀኑ! ነገ አንድ ባለሀብት መጥቶ «መብራት ለመቆጠብ በውሃ አበርዳለሁ» ቢል፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቀው ማን ነው?

እኔ ዳታ ሴንተር አይሠራ የሚል ሰው አይደለሁም። የአገር መረጃ አገር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቦሌ ለሚ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ኩባንያዎች ማዕከል መክፈታቸው የሚጠላ አይደለም። እንዲያውም ይህ ብርዳችን ከተያዘ፣ ናይሮቢም ሆነ ጅቡቲ የማይወዳደሩን ሀብት ነው። የምለው ይመዘን፣ ይታወቅ፣ ዋጋ ይውጣለት ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ከ500 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ ማንኛውም ዳታ ሴንተር ወይም የማይኒንግ ጣቢያ በየዓመቱ ፒዩኢውንና የውሃ ፍጆታውን ለሕዝብ ያሳውቅ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳታ ሴንተሮችን ሪፖርት እያስደረገ ያለው በዚሁ መጠን ነው። ፈረንጅ የሠራውን ሁሉ ለመቅዳት የሚፈጥኑት ሹሞቻችን ይህችን ምነው ዘለሏት?

ሁለተኛ፣ የኃይል ሽያጭ ውሎቹ ይታተሙ። ዋጋው ስንት ነው፣ ለስንት ዓመት ነው፣ በጋ ላይ ግድቡ ሲጎድል ማን ቀድሞ ይቆረጥበታል፣ ማይነሩ ወይስ ሆስፒታሉ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት ጉዳይ እንዲሳተፉ ይላል። መሳተፍ ማለት ማጨብጨብ ብቻ ከሆነ ይነገረን።

ሦስተኛ፣ ዋጋው በቅልጥፍና ይለካ። የሚቆጥብ ይርከስለት፣ የሚያባክን ይወደድበት። ጀርመን ከሐምሌ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ የሚጀምር ዳታ ሴንተር ከ1.2 እንዳይበልጥ በሕግ ወስናለች። እነሱ በበጋቸው ሙቀት 1.2 ካሉ፣ እኛ በደጋችን አየር ከዚያ በላይ የምንፈቅድበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ መንግሥት ከራሱ ቤት ይጀምር። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል፤ አዋጁ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ በየሚኒስቴሩ ሰርቨር ክፍል ይግባ። ኤሲ የተፋጠጠበትን ክፍል ይለይ፤ ካርቶኑን ከመስኮቱ ላይ ያንሳ፤ ፊልተርና ቬንትሌተር ያስገባ። ይህ ብድር አይጠይቅም፣ ዓለም ባንክ ደጅ አያስጠናም።

አምስተኛ፣ ሕዝብ በፈረቃ በሚጠጣበት ከተማ የቧንቧ ውሃ ለማሽን ማቀዝቀዣ አይፈቀድ።

ይህን ስንጠይቅ «የልማት እንቅፋት» የሚል ስም ሊለጠፍብን እንደሚችል እናውቃለን። የለመድነው ነው። ግን ጥያቄው የፖለቲካ ድርጅት ጥያቄ አይደለም፤ የቆጣሪ ጥያቄ ነው። መብራት ኃይል በየወሩ በራችንን አንኳኩቶ የኛን ቆጣሪ ያነባል፤ አንድ ወር ብንዘገይ ይቆርጣል። እንግዲያውስ የነዚያን ትልልቅ ግቢዎች ቆጣሪ ደግሞ እኛ እናንብብ!